የሙሽራዋ ተቃውሞ

በአዳማ ከተማ ጉዲቱ በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሊጋቡ የተስማሙ ሰዎች ስማቸው ለሦስት ተከታታይ እሑዶች በጉባኤው ፊት ይነበባል። አንባቢው ስማቸውን ከጠራ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራል። "ይህ ጋብቻ እንዳይፈጸም የሚያደርግ ምክንያት የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ሦስተኛው እሑድ ሳይደርስ ለሽማግሌዎች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያቅርብ።" ይህ ሲባል ጉባኤው ፈገግ ይላል። ሕፃናቱ ዞር ዞር እያሉ ተቃዋሚ ይፈልጋሉ። ተቃዋሚ ግን በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም።

የጉዲቱና የፈይሳ ስም ሁለት እሑድ ተነበበ። ማክሰኞ ተቃውሞ ገባ።

ያስገባችው ጉዲቱ ናት።

የዚያን ዕለት የጠዋት ፈረቃ ነበረች። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በሰርቪስ ወረደችና፣ ፀጉሯ ላይ የጨርቅ ብናኝ እንደተነሰነሰ፣ ቤቷን ትታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀናች። የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ፊቷ ላይ ይበትነዋል። በአንድ እጇ ቀሚሷን፣ በሌላው ፖስታዋን ይዛለች። ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል፤ ጸሐፊው ጋሽ ደገፋ ለምሳ ወጥተዋል። "ተመስገን" አለች በልቧ። የእሳቸውን ዓይን እያየች መስጠት አትችልም ነበር።

ጎንበስ ብላ ፖስታውን በበሩ ሥር አሾለከችው። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ። በጣቷ ገፋ አደረገችው። አሁንም ጫፉ ይታያል። ያንን ጫፍ ይዛ ብትስበው ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ሠርጉ ይኖራል፣ ፈይሳ ይኖራል፣ እሷም ከሰው እኩል ትስቃለች። ዓይኗን ጨፈነችና ገፋችው።

ቀና ስትል ውስጧ ዕቃው ሁሉ ወጥቶ እንዳለቀ ቤት ሆነባት። የራሷን ትንፋሽ እንኳ ሲያስተጋባ ሰማችው።

ነገሩን ከሥሩ ካላየነው አይገባንም።

ጉዲቱ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከመቂ ወዲያ ካለ ገጠር ወደ አዳማ ስትመጣ አንድ ፊደል አታውቅም ነበር። አብራት የመጣችው እናቷ ብቻ ናት፤ እሷን "አዮ" ትላታለች። አዮን ከሰባት ዓመት በፊት ደም ግፊት ጣላት። የቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ ምላሷም ከበደ። ከዚያ ወዲህ ጉዲቱ ጠዋት ታነሳታለች፣ ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፤ ከዚያ ሮጣ ሰርቪስ ትይዛለች። ስትሠራ የምትውለው አንድ ነገር ነው፤ የሸሚዝ እጅጌ ትገጥማለች። ስትመለስ አዮን ንጹሕ አንሶላ ላይ ተደግፋ ታገኛታለች። ይህን የምታደርገው ፎዚያ ናት። ፎዚያ የወሎ ልጅ ስትሆን በግቢያቸው በር ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። እሷ ለጁምዓ ስትሄድ ጉዲቱ ሱቁን ትጠብቅላታለች፤ ጉዲቱ ፋብሪካ ስትሄድ ፎዚያ አዮን ትጠብቃለች። ሁለቱ ተዋውለው አያውቁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት አለ። የሚያስተምሩት ጡረተኛዋ እትዬ ወርቂቱ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቆመው ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ቀይ እስክሪብቷቸው ከጣታቸው አይለይም። አንድ ልጅ አላቸው፤ ፈይሳ ይባላል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ያስወጣል። አንድ ቅዳሜ እናቱን ሊወስድ መጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። በዚያች ደቂቃ ጉዲቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ጨርሳ፣ እጆቿ በጠመኔ እንደነጡ፣ እንደ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። ፈይሳ የራሱን ዲግሪ የተቀበለ ዕለት እንኳ ያንን ያህል ደስ እንዳላለው በኋላ ነግሯታል።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እናቱን፦

"እማ፣ እስከ የትኛው ፊደል ደረሳችሁ?" ማለት ጀመረ።

እትዬ ወርቂቱ ልጃቸው ለትምህርቱ አስቦ መስሏቸው ደስ አላቸው። "ገና 'በ' ላይ ነን" አሉት። በሳምንቱ ጉዲቱ ደብተር ውስጥ የታጠፈች ወረቀት ተገኘች። ከ"ሀ" እስከ "በ" ካሉት ፊደላት ውጭ አንድም የለባትም።

"ሰላም። ሳቅሽ በልቤ ቀረ።"

ጉዲቱ ያቺን አንብባ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀባት። ስትጨርስ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከመላው ዓለም ተመርጣ የተላከላት ያህል ተሰማት። ክፍሉ ወደፊት በሄደ ቁጥር የፈይሳ ደብዳቤዎችም ረዘሙ። እስከ "ፐ" ሲደርሱ ፍቅራቸውም ሊጻፍ የሚችል ነገር ሁሉ ተጽፎበት ነበር።

ነገሩ ለቤተሰብ ሲነገር ግን ሁሉም አልዘመረም። የፈይሳ አክስቶች "የተማረ ልጅ የፋብሪካ ልጅ ያገባል? ያውም ከነአልጋ ቁራኛ እናቷ!" አሉ። ፈይሳ "አዮም ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው" ብሎ ዘጋው። እትዬ ወርቂቱ አልተቆጡም፣ አልተሳደቡም። ዝም አሉ። ለጉዲቱ ደግሞ ያ ዝምታ ከስድብ ከበዳት።

ዝምታው የተሰበረው ከሁለተኛው ንባብ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ተማሪው ሁሉ ወጥቶ ጉዲቱ ወንበር ስትሰበስብ እትዬ ወርቂቱ ሰሌዳውን እያጠፉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፦

"ፈይሳ ጅቡቲን እንደተወው ነግሮሻል?" አሏት።

"የቱን ጅቡቲ?"

"መሥሪያ ቤቱ እዚያ ላለው ቢሮ በኃላፊነት መርጦት ነበር። አምስት ዓመት የተመኘው ቦታ ነው። እናትሽ ያን መንገድና ያን ሙቀት አትችልም ብሎ ተወው።" ሰሌዳው ከነጣ በኋላም ማጥፋታቸውን አላቆሙም። "በቃ፣ ይኸው ነው።"

ጉዲቱ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ፈይሳ አንድም ቀን ይህን አላነሳባትም። በማግስቱ ስማቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ፣ ፈይሳ ከመዘምራኑ ወንበር ዞር ብሎ በዓይኑ ሲስቅላት፣ እሷ ግን ያየችው የተዘጋበትን በር ብቻ ነበር። ሰኞ አዮን አስተኝታ ተንበረከከች።

"ጌታ ሆይ፣ ለራሱ የማይል ፍቅር ስጠኝ ብዬ ስለምንህ ኖሬያለሁ። ይኸው ቀኑ ደረሰ።"

ሰባት ወረቀት ቀድዳ ስምንተኛው ላይ ተቃውሞዋን ጻፈች። እጅግ አመማት። ስላመማትም ትክክል እንደሆነች አመነች፤ የሚያም ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር የመጣ ይመስላት ነበር።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ጉዲቱ ለአዮ አጥሚት ስታበርድ ፎዚያ የታጠበ አንሶላ ይዛ ገባች። የጉዲቱን ዓይን አየችና ቆመች።

"አንቺዬ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"ፊትሽ እኮ ለቅሶ ቤት ነው። ንገሪኝ፤ ካልሆነ ይሄን አንሶላ አልዘረጋም።"

ጉዲቱ ነገረቻት። ፎዚያ አንሶላውን ወንበር ላይ ጣለችው።

"ቆይ፣ ቆይ። ማንን ነው የተቃወምሽው?"

"ጋብቻውን።"

"የማንን ጋብቻ?"

"የእኔን።"

"ወላሂ!" ፎዚያ እጇን አናቷ ላይ ጫነች። "ሠርግ የሚያፈርስ ጠላት አለ ብለን ስንፈራ፣ ጠላትየው ቬሎ ለክቶ ተቀምጧል! ሰው ሰውን ይከሳል፤ ራሷን የከሰሰች ሙሽራ በአንቺ ተጀመረ።"

"አልገባሽም ፎዚ። ስለምወደው ነው።"

"እሱን ጠየቅሽው?"

"ቢጠየቅማ እምቢ ይላል።"

"እሰይ! እሱ እምቢ የሚለውን ነገር ነዋ ለእሱ ብለሽ ያደረግሽለት። እኔ እንዲህ የሚወደኝ ሰው ከመጣ ሱቄን ዘግቼ እሸሻለሁ።"

ጉዲቱ መሳቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። አጥሚቱን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አዮ ትራስ ተደግፋ ሁሉንም ሰምታለች። ማንኪያው ከንፈሯ ጋ ሲደርስ አፏን ገጠመች።

"ብዪ እንጂ አዮ።"

አዮ ራሷን ነቀነቀች።

"ትኩስ ነው? አሞሻል?"

"ተ…ቃውሞ" አለች አዮ በከባዱ ምላሷ። "ተቃውሞ… አለኝ።"

ፎዚያ አፏን በሻሿ ያዘች። አዮ ግን አትስቅም። እያንዳንዱን ቃል ከጉድጓድ ውኃ እንደሚያወጣ ሰው እየጎተተች አወጣችው።

"ሰባት ዓመት… ወጣትነትሽ… በእኔ አለቀ። ከነገ… አታንሺኝ። አታጥቢኝ። እኔም… እወድሻለሁ።"

"አዮ! ምን ነካሽ ዛሬ?" ጉዲቱ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ጣል አድርጋ የእናቷን እጅ ያዘች። "ሸክም ነሽ ብዬሽ አውቃለሁ? ጠዋት ፊትሽን ሳጥበው እኮ ነው ቀኔ የሚጀምረው! ደስታዬ ነሽ። ይሄን ከወሰድሽብኝ ምን ይቀረኛል?"

ውጭ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ።

"የተናገርሽውን ሰማሽው?" አለች ፎዚያ ቀስ ብላ።

አዮ አፏን ከፈተችና ማንኪያውን ጠበቀች። ጉዲቱ አጎረሰቻት። ከሰኞ ጀምሮ እንደ ድንጋይ የጨበጠችው እርግጠኝነት በመካከሉ ስንጥቅ ብሎ ሲሄድ ተሰማት። ያ ስንጥቅ ያስፈራል። የሚገባበት ብርሃን ግን ያምር ነበር።

ሐሙስ ፈረቃ ሲያልቅ የፓርኩ በር እንደተለመደው በሴቶች ጎረፈ። አንዷ ጫማ ትቀይራለች፣ አንዷ በስልክ ትጣላለች፣ ሰርቪስ ያመለጣት ትሮጣለች። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዲት አረጋዊት ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ጉዲቱ ስታያቸው እርምጃዋን ገታች።

"ጉዲቱ!" ብላ ጮኸች አንዷ የስፌት መስመር ጓደኛዋ። "አማትሽ መጡ! ዛሬውኑ ፈርመው ሊረከቡሽ ነው!"

ሴቶቹ ሳቁ፣ እልል ያለችም ነበረች። እትዬ ወርቂቱ አልሳቁም። እጇን ያዙና ወደ አጥሩ ጥላ ወሰዷት።

"ጽሕፈት ቤቱ ጎራ ስል ደገፋ መነጽሩን ቤቱ ረስቶ ነበር" ብለው ጀመሩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም። "'እስቲ መምህርት፣ ይቺን አንብቢልኝ' አለኝ። 'ለሽማግሌዎች ጽሕፈት ቤት' የሚለውን አነበብኩለት። የቀረውን ለራሴ አነበብኩ።"

"እትዬ፣ እርስዎ እጅ እንዲገባ ብዬ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ስሚኝ። ወረቀት ስይዝ ልማዴን ታውቂያለሽ። እስክሪብቶዬን መዘዝኩ። ስህተት ፈለግኩ። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ፈለግኩ። አንድም የለም።" ጃንጥላቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስህተት የጻፍሽው ደብዳቤ፣ ከልጄ የምትሰናበቺበት ሆነ። ያን ጊዜ ስህተቱ የት እንዳለ አወቅኩ። ስለ ጅቡቲ ለምን የነገርኩሽ ይመስልሻል?"

"እውነቱን እንዳውቅ ነው።"

"አይደለም። ግማሹ ልቤ 'ምን ያህል እንደሚወዳት ትወቅ' ይላል። ግማሹ ደግሞ 'ትሂድለት' ይላል። የዚያን ቅዳሜ የተናገረው ሁለተኛው ነው። ለዚህ ነው ፊቴን ያላዞርኩልሽ። እናትነት ብዬ ጠራሁት። እናትነት አልነበረም። ልጄን ለጌታ ሰጥቻለሁ እያልኩ ስዘምር ኖሬ፣ ለአንዲት ደግ ልጅ መስጠት ግን ጨነቀኝ። ይቅር በዪኝ ጉዲቱ።"

በዕድሜ እናት የሚሆን ሰው እንዲህ ሲላት ጉዲቱ መቆሚያ አጣች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትይዝ ስትል እሳቸው ቀድመው ክንዷን ያዙ።

"እኔ ምን ይቅር እላለሁ እትዬ? ያሉት እውነት ነው። ጅቡቲ እኮ አይመለስም።"

"አይመለስም። የእሱን ነገር ግን እሱ ራሱ ይመልስልሽ። ነገ ከሥራ በኋላ ደገፋ ሁላችንንም ይፈልገናል።"

ከዚያ ጃንጥላውን ለጉዲቱ አስያዟትና፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ ከፀጉሯ ላይ የጨርቁን ብናኝ ይለቅሙላት ጀመር። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። ጉዲቱ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ልትከለክላቸው ፈለገች፤ "ይተዉት፣ እኔ አራግፈዋለሁ" የሚለው ቃል አፏ ላይ ነበር። ዋጠችው። የእናትን ጣት ፀጉሯ ላይ ካገኘች ሰባት ዓመቷ ነበርና።

ዓርብ ጽሕፈት ቤቱ ስትደርስ ጋሽ ደገፋ አንድ መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ አንድ ደግሞ ግንባራቸው ላይ አድርገዋል።

"ግቢ ልጄ። ከእንግዲህ በሁለት መነጽር ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ ብረሳ ምን እንደመጣብኝ አየሽ። ሃያ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ተቃውሞ ጠብቄ አላየሁም፤ ሲመጣ ደግሞ ከሙሽራዋ!"

እትዬ ወርቂቱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ፈይሳ ከሞጆ በቀጥታ መጥቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ጫማው የኮንቴይነር ግቢ አቧራ ለብሷል። ደብዳቤዋ እጁ ላይ ነው። ጉዲቱ በዓይኗ ሰላም አለችው፤ እሱ ግን ወረቀቱን ገለጠና አነበበ።

"'እኔ ጉዲቱ ቶሌራ የወንድም ፈይሳን ጋብቻ እቃወማለሁ። ምክንያቱ ሙሽራዋ ናት። በእርሷ ምክንያት የሚመኘውን ትቷል። ወደፊትም ይተዋል። ሙሽራዋ በጣም ትወደዋለች። ስለዚህ እንዳያገባት እለምናለሁ።'"

ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምመኘውን ማን ነገረሽ?"

"አምስት ዓመት ጠብቀኸዋል ፈይሳ።"

"ጠብቄዋለሁ። አልዋሽሽም፣ ስተወው አልቅሻለሁ። ሞጆ አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ ከባድ መኪናው ሁሉ እያለፈ፣ ትልቅ ሰውዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁና አዳማ እስክደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። ረዳቱ 'ብራዘር፣ ሰላም ነህ?' ብሎኛል።"

"ለምን ሳቅክ?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ 'ጌታ ሆይ፣ ሕይወቴን ልስጥህ' እያልኩ እዘምራለሁ። ድምፄ ጥሩ ነው፤ ሰው 'ተባረክ' ይለኛል። ከድምፄ ሌላ የሰጠሁት ነገር ግን አልነበረም። የዚያን ዕለት የሚያመኝን ነገር በፍቅር ለቀቅኩት። ባዶ የምሆን መስሎኝ ነበር። ሞላሁ!" ሁለት እርምጃ ቀረበ። "ጉዲቱ፣ አዮ ሸክሜ አይደለችም። ደስታዬ ናት። አንቺ ግን ያን ደስታ ከእጄ ልትነጥቂ ለሽማግሌ ደብዳቤ ጻፍሽ።"

ጉዲቱ ይህን ንግግር ታውቀዋለች። ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ማንኪያ ይዛ፣ በገዛ አንደበቷ ተናግራዋለች።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አለች በመጨረሻ። እንባዋ ዱብ ዱብ ማለት ጀምሯል። "ከሌላ ሰው አፍ ነው የሰማሁት። እኔን ሳትጠይቅ ለእኔ ወሰንክ።"

ፈይሳ ጆሮው ድረስ ቀላ።

"ፈራሁ። ይሄንኑ እንደምታደርጊ አውቅ ነበር።"

"እና አንተም ሳትጠይቀኝ፣ እኔም ሳልጠይቅህ…"

"ሁለታችሁም ተዋዳችሁ አጠፋችሁ" አሉ ጋሽ ደገፋ። "ኧረ እኔም እዚህ አለሁ፤ ትንሽ ልናገር። ጉዲቱ፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ እምቢ ያለው ማን ነበር?"

"ጴጥሮስ።"

"አየሽ? ደፋሩ፣ ለጌታው እሞታለሁ የሚለው ጴጥሮስ። ለመሞት ዝግጁ ነው፤ እግሩን ለመስጠት ግን አፈረ። አንዳንድ ሰው እንደዚያ ነው። የሰውን ሁሉ እግር ያጥባል፤ የራሱን ከወንበር ሥር ይደብቃል። እንደ ትሕትናም ይቆጥረዋል። ሁልጊዜ ሰጪ መሆንኮ አንዳንዴ ከፍ ብሎ መቀመጥ ነው ልጄ።"

ጉዲቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማንም አልነካት። ስታነሳው ዓይኗ ቀልቶ፣ እንደ ተማሪ ቅን ሆና፦

"መቀበል አላውቅበትም" አለች። "እንዴት እንደሚደረግ ማንም አላሳየኝም።"

ከጥግ የእትዬ ወርቂቱ ድምፅ መጣ።

"ፊደልም አታውቂም ነበር።"

መጀመሪያ የሳቀው ፈይሳ ነው። ቀጥሎ ጋሽ ደገፋ፤ ግንባራቸው ላይ ያለው መነጽር ወርዶ ዓይናቸው ላይ ካለው ጋር ተጋጨ። ጉዲቱም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ከት ብላ፣ እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ። ፈይሳ ሳቁን አቁሞ አያት። ዓይኖቹ ከእሷ አልተነሡም። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳትሰብር ቆየች።

"እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው" አሉ ጋሽ ደገፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "በጽሑፍ የገባ በጽሑፍ ይነሳል። ካልሆነ እሑድ ስማችሁን አላስነብብም።"

ነጭ ወረቀት አቀረቡላት። ጉዲቱ ተቀመጠች። ለራሷ ብላ ጽፋ አታውቅም። ለፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃለች፣ ለአዮ መድኃኒት ስም ጽፋለች፣ ለፈይሳ ስለ ፈይሳ ጽፋለች። አሁን መጠየቅ ያለባት ለራሷ ነው። የመጀመሪያው መስመር ቀለላት። ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየች። ሦስቱ ሰዎች የእስክሪብቶውን ጫፍ ያያሉ። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ፈይሳን አየችው፣ አጎነበሰች፣ ጻፈች።

ስትጨርስ ወረቀቱን ለጋሽ ደገፋ አልሰጠቻቸውም። ለፈይሳ ዘረጋችለት።

"ጮክ ብለህ አንብበው። ልስማው።"

ፈይሳ አነበበ።

"'ተቃውሞዬን አንስቻለሁ። እኔ ጉዲቱ ቶሌራ፣ ፈይሳ እንዲወደኝ ፈቅጃለሁ። እናቴንም ይውደድልኝ። ለእኔ ሲል የሚተወውን ይንገረኝ፤ አብሬው አለቅሳለሁ፣ አብሬው እስቃለሁ። እንዲያገባኝ እለምናለሁ።'"

የመጨረሻውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበው። እትዬ ወርቂቱ ተነሥተው የእሷን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠጉ። ፈይሳ ከወንበሯ ጎን በርከክ ብሎ፣ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ ስትገጥም የዋለችበትን፣ በመርፌ የተወጋጋ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ጋሽ ደገፋ መስኮቱን እያዩ፣ ማንም አይሰማውም ብለው ያሰቡትን "አሜን" ለራሳቸው አሉ።

ጉዲቱ እጇን አልሳበችም። ከመቀመጫዋም አልተነሣችም። ማንንም ሳታነሳ፣ ማንንም ሳትደግፍ፣ ምንም ሳትሸከም ዝም ብላ ተቀመጠችና ተወደደች። መጀመሪያ ከባድ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ጨው በውኃ እንደሚሟሟ፣ ክብደቱ ደስታ ሆነ።